ዶኛ ኦቲሊያና አዲሱ ጓጉንቸር

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የቁልፎቹን ድምፅ ነው። ዶኛ ኦቲሊያ ከሩቅ ሲመጡ፣ ገና ባርኔጣቸው ከአኻያው ቁጥቋጦ በላይ ብቅ ሳይል፣ ቅጭል ቅጭል የሚል ነገር ይቀድማቸዋል። አምና ይህ ድምፅ አልነበረም። ያኔ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ቁልፍ ደግሞ ብቻውን አይጮኽም። ዘንድሮ ሁለተኛ ተጨመረበትና ሁለቱ ደረታቸው ላይ እየተጋጩ በሄዱበት ሁሉ ይጨቃጨቃሉ።

"ዝም አትሉም እንዴ!" ይሏቸዋል አንዳንዴ፣ በመዳፋቸው አፍነው ይዘው።

አሮጌው ቁልፍ የዋናው በር ነው። ቦያችን ከወንዙ የሚጠለፍበት ቦታ ላይ የብረት መዝጊያ አለ፤ እሱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የውሃ አባት ብቻ ነው። ዶኛ ኦቲሊያ፣ እዚህ ዶኛ እትዬ እንደ ማለት ነው፣ የመንደራችን የሳን ብራውሊዮ የውሃ አባት ናቸው። ሹመቱ ከየትም መሥሪያ ቤት አይመጣም። በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር በቦዩ የሚጠቀሙት ገበሬዎች ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው እጅ ያወጣሉ። ዶኛ ኦቲሊያ ሁልጊዜ "እኔን ተዉኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል" ይላሉ፤ ሁልጊዜም ይመረጣሉ። ከዚህ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። በዚህ ሸለቆ ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ቢያንስ አንዴ "ቁጭ በል!" ብለው ጮኸውበታል። ዛሬም ስብሰባ ላይ ሽማግሌው ዶን ፋኩንዶ ተነሥተው መጯጯህ ሲጀምሩ፣ "ፋኩንዶ፣ ቁጭ በል፤ አውቶቡሱ እየሄደ ነው" ይሏቸዋል። ሽማግሌው ይቀመጣሉ። ለአንድ የትምህርት ዘመን ላስተምር መጥቼ እዚሁ የቀረሁት እኔ፣ ይህን ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ እደነቃለሁ።

አዲሱ ቁልፍ ደግሞ ከቦዩ ወደ ኤሊሴዮ ማሳ ውሃ በሚያስገባው በር ላይ የተንጠለጠለው የጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ኤሊሴዮን ክርስትና ያነሡት ዶኛ ኦቲሊያ ናቸው፤ ጢሙ ሸብቶ እንኳ "ማድሪና" እያለ ነው የሚጠራቸው፣ ክርስትና እናቴ ማለቱ ነው። ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሲሠራ ወገቡ ተጎዳና ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ። አባቱ ለከብት መኖ አልፋልፋ ያበቅሉበት በነበረው ማሳ ላይ ማሪዋና ተከለ። ተደብቆ አይደለም። ግዛታችን ኒው ሜክሲኮ ፈቅዷል፤ ኤሊሴዮም አጥር አጥሮ፣ ካሜራ ሰቅሎ፣ ተመርምሮ ፈቃዱን አወጣ። ያለውን ሁሉ ያፈሰሰው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ተክል አንገቱ ላይ መለያ ተንጠልጥሎለታል፤ ሆስፒታል ገና የተወለዱ ሕፃናት ይመስላሉ።

የፌዴራሉ መንግሥት ግን ያንኑ ተክል ወንጀል ነው ይላል። እዚሁ አገር፣ እዚሁ አፈር ላይ። ትምህርት ቤታችን ግቢ በአንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ባንዲራ አለ፣ ከላይ የአገሪቱ፣ ከታች የግዛቱ፤ ነፋሱ ሲመጣ ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን ነው የሚያውለበልባቸው። ስለዚህ ማንም ብዙ አላሰበበትም። ዘንድሮ ውሃው እስኪያንስ ድረስ።

የቦዩን ነገር ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በየፀደዩ ቦዩ ይጠረጋል። ሁሉም አካፋውን ይዞ ይመጣል፤ ዶኛ ኦቲሊያ በበትራቸው ዳሩ ላይ እየጫሩ ለእያንዳንዱ የሚቆፍረውን ያሳዩታል። የቆፈረ ሰው ውሃ አይከለከልም። ያልቆፈረ ሰው ውሃ አያገኝም። ከዚህ ሌላ ሕግ የለንም። ኤሊሴዮ ዘንድሮ በዚያ በታመመ ወገቡ ቆፈረ፤ ቀትር ላይ ባዶው ቦይ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዶን ፋኩንዶ አካፋውን ወስደው የቀረውን ጨረሱለት። የውሃ ተራ መበዳደርም እንደዚሁ ነው። አንዱ ማሳው ሲጠማ ጎረቤቱ ተራውን ይለቅለታል። ይህን የሚጽፈው የለም፤ የሚያመሰግንበትም የለም።

ዘንድሮ በረዶው ስስ ነበር። ሐምሌ ሳይጋመስ የወንዙ የራሱ ውሃ አለቀና በቦያችን የሚወርደው ከላይ ካለው ግድብ የሚለቀቅልን ድርሻ ብቻ ሆነ። ግድቡ ደግሞ የፌዴራሉ ነው።

አንድ ቀን ከግድቡ መሥሪያ ቤት ሚስተር ሆልት የሚባል ሰው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጆሮዎቹ በፀሐይ የተላጡ፣ ገና አፉን ሳይከፍት "ይቅርታ" የሚል ወጣት ነው። ቦዩ ዳር ቆመን ሳለ ወደ ኤሊሴዮ አጥር እያየ ዶኛ ኦቲሊያን ጠየቃቸው።

"ይቅርታ፣ ግድቡ ከተከፈተ ወዲህ ወደዚህ ማሳ ውሃ ገብቷል?"

"የኤሊሴዮ ተራ ገና ነው" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ። እውነታቸውን ነበር።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ አዲሱ ቁልፍ ባልኖረ ነበር። ግን ዶን ፋኩንዶ አጠገባችን ነበሩ። ጎረቤታቸው እንዲመሰገን፣ ሰፈሩም እንዲከበር ፈለጉ።

"ጌታው፣ እኛ እዚህ ሰው ማሳው ሲጠማ ዝም ብለን አናይም!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው። "ተራው ገና ቢሆንስ? የእኔን ተራ ሰጠሁት። ማክሰኞ ሙሉ ጠዋት ሲጠጣ ነው የዋለው። ይኸው፣ እየው እንጂ፣ ቅጠሉ እንዴት እንዳማረበት!"

ሚስተር ሆልት ቀስ ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ።

"ፋኩንዶ" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ቁጭ በል።"

"የት ልቀመጥ?"

"መሬቱ ላይ!"

ብዙም ሳይቆይ ትእዛዙ መጣ። የፌዴራል ውሃ ለማሪዋና አይሆንም፤ የግድቡ ውሃ ቦዩ ውስጥ እስካለ ድረስ የኤሊሴዮ በር ይቆለፍ፤ ካልተቆለፈ የመንደሩ ድርሻ በሙሉ ይቆማል። የሁሉም ቃሪያ፣ የሁሉም በቆሎ፣ የሁሉም አልፋልፋ። ዶኛ ኦቲሊያ ጓጉንቸሩን ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ቆለፉት። ሲቆልፉ ኤሊሴዮ አጥሩ ውስጥ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ነው ቁልፎቹ መጨቃጨቅ የጀመሩት።

ወሬው ግዛቱ ጋ ለመድረስ አልዘገየም። ዮላንዳ መጣች። ዮላንዳ የግዛቱን ፈቃድ የምትቆጣጠር ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ከእኛ በታች ባለው መንደር ስለሆነ የዶኛ ኦቲሊያ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነበረች። ጓጉንቸሩን እንደ እባብ አየችው።

"ዶኛ፣ ይሄ አይቻልም። የኤሊሴዮ የውሃ መብት በግዛቱ ሕግ የታወቀ ነው። ሊቆልፉበት አይችሉም።"

"እኔ መች ወደድኩት? ፌዴራሉ ነው።"

"ደግሞ ማሳው ከወንዙ መብት ውሃ ካላገኘ ፈቃዱ ይሰረዛል። ፈቃዱ የቆመው በውሃው ላይ ነው።"

"በቦቴ ቢያመጣስ?"

"አይሆንም። ከተመዘገበው መብት መሆን አለበት።"

"ስለዚህ ልክፈተው?"

"ይክፈቱት።"

"ከከፈትኩት ግድቡ ይዘጋብናል።"

"እሱ የፌዴራል ጉዳይ ነው።"

"ካልከፈትኩትስ?"

"እሱ የግዛት ጉዳይ ነው።"

ዶኛ ኦቲሊያ አካፋቸውን መሬት ላይ ሰኩት። "የእኔስ ጉዳይ የት ነው ያለው፣ ዮላንዳ? የምታውቂው ቢሮ ካለ ንገሪኝ፤ ሄጄ ወረፋ ልያዝ።"

ዮላንዳ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መኪናዋ ዞረች። ሳቅ አልነበረም ግን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ዶኛ ኦቲሊያ ስልክ ላይ ተጣዱ። ወደ ግድቡ ሲደውሉ ወደ ግዛቱ ይልኳቸዋል፤ ወደ ግዛቱ ሲደውሉ ወደ ግድቡ።

"ሙዚቃ ነው የሚያሰሙኝ" አሉኝ፣ ስልኩን ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ድምፁን ከፍተው ትተውት ባቄላ እየለቀሙ። "ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን ያህል ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። ልነሣና ልደንስ እንዴ?"

ሆልት በመጨረሻ ስልኩን ሲያነሣ ለቀማውን እንኳ አላቆሙም። "አንተ ልጅ፣ እስቲ አስረዳኝ። ቦዩ አንድ ነው። የግድቡ ውሃ በቀኝ፣ የእኛ በግራ ይሂድ? መስመር ላስምርለት?"

"ይቅርታ፣ ዶኛ። ትእዛዙን እኔ አልጻፍኩትም።"

"ማንም አልጻፈውም። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ አልጻፍኩም ነው የሚለኝ። ከሰማይ የወረደ መሰለኝ።"

ይህን ሲናገሩ ግን እጃቸው ባቄላው ላይ ቆመ። መስኮቱን አዩ። በተራራው ራስ ላይ፣ በነሐሴ ከቀትር በኋላ እንደ ልማዳቸው፣ ደመናዎች መከመር ጀምረው ነበር።

"ስማኝ" አሉት ሆልትን፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከግድቡ ያልመጣ ውሃ ቢሆንስ?"

"ከግድቡ ካልመጣ... እኔን የሚመለከተኝ አይመስለኝም። ግን ልጠይቅ።"

"ጠይቅ" አሉና ዘጉት።

ማምሻውን ኤሊሴዮ መጣ። የተጠቀለለ የበቆሎ ቂጣና የቃሪያ ወጥ ፊቱ ቀረበለት፤ አልነካውም። ልብሱ ላይ የዚያ ተክል ሽታ አለ፣ የጥድ ሙጫና የብርቱካን ልጣጭ የተቀላቀለ የሚመስል። ተክሎቹ ሊያብቡ ሲሉ ነው ውሃው የቀረባቸው።

"ልንቀለው፣ ማድሪና" አለ። "ቅጠሉ እንደ አሮጌ ጓንት እጁን አጥፎ ተኝቷል። ጠዋት ጠዋት ለማየት እፈራለሁ። እኔ ከነቀልኩት ሁሉም ይቀለዋል። እርስዎም ያርፋሉ።"

"እኔ ማረፍ ፈልጌያለሁ አልኩህ?"

"ጉልበቴን ያመኛል ይላሉ..."

"እሱ ለምርጫ የምለው ነው። ነቅለህ ምን ትበላለህ? ይህን ወገብህን ይዘህ ወደ ነዳጅ ጉድጓዱ ልትመለስ?" ሳህኑን ወደ እሱ ገፉት። "ቆፍረሃል። የቆፈረ ሰው ውሃ ያገኛል። ይህን የማላስከብር ከሆነ አንገቴ ላይ ይሄን ብረት የምሸከመው ለጌጥ ነው? ብላ!"

በላ። እንደ ትንሽ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ከዋናው በር ወረድ ብሎ አንድ ደረቅ ፈፋ ወደ ቦያችን ይገባል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋና የእንሽላሊት ዱካ ነው። ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ደራሽ ጎርፍ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ የውሃ አባት ዋናውን በር ይዘጋሉ፣ ቦዩ እንዳይፈርስ፤ ደራሹንም በቦዩ ጎን ባለው ማፍሰሻ ወደ ወንዙ ይመልሱታል። ደለል የበዛበት ውሃ ስለሆነ ማንም አይፈልገውም። ማንም የማይፈልገው ውሃ።

ዝናቡ በመጣበት ቀን ዶኛ ኦቲሊያ በጠዋት ዶን ፋኩንዶ ማሳ ላይ ነበሩ። ተራው የዶን ፋኩንዶ ነበር፤ ቃሪያቸውም ውሃ ይፈልግ ነበር።

"ተራህን አበድረኝ" አሏቸው። "ዋናውን በር ልዘጋ ነው። እስከ ማታ የግድቡ ውሃ ጠብታ እንኳ ቦዩ ውስጥ አልፈልግም።"

ዶን ፋኩንዶ ከጠዋት ጀምሮ የጠቆረውን ተራራ አዩ፣ ከዚያ የኤሊሴዮን አጥር አዩ። ገባቸው።

"ውሰጂው። የዛሬን ግን ለማንም አልናገርም" አሉ። "አፌን ቆልፈሽ ቁልፉን እዚያው ከሌሎቹ ጋር አንጠልጥይው።"

"ለአፍህ የሚሆን ጓጉንቸር ሱቁ ውስጥ አጣሁ።"

ዋናው በር ተዘጋ። ቦዩ ቀስ እያለ ጎደለ፣ ከዚያ ኩሬ ኩሬ ሆነ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ትንንሽ ዓሦች ብር መሰሉ። አንድ ጠብታ አልቀረም። ዶኛ ኦቲሊያ ዳሩን ይዘው ወደ ኤሊሴዮ በር ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እዚያ ስንደርስ ሁለት መኪና ቆሟል። ሆልት ጓጉንቸሩ መቆለፉን ሊያይ መጥቷል። ዮላንዳ ጓጉንቸሩ መነሣቱን ልታይ መጥታለች። እርስ በርስ በትሕትና ሰላም ተባብለው ጓጉንቸሩን መሐል አድርገው ቆመዋል።

"ደህና" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ። "ሁላችሁም አላችሁ። ቄሱ ብቻ ነው የቀረው።"

ቦዩ ባዶ መሆኑን አሳዩዋቸው። ዋናው በር መዘጋቱን ነገሯቸው። የሚመጣው የዝናብ ውሃ ብቻ መሆኑን፣ ለኤሊሴዮ ሊሰጡት መሆኑንም አልደበቁም።

ሆልት ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። "ይቅርታ፤ የጠየቅሁት መልስ ገና አልመጣም። ለአለቃዬ ልደውልላቸው።"

"እኔም መደወል አለብኝ" አለች ዮላንዳ።

እዚህ ታች ስልክ አይሠራም። ኔትወርክ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ኮረብታውን ወጡ፤ ከታች ስናያቸው ስልኮቻቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላሉ። አንድ ሰው ከሩቅ ቢያያቸው ዝናብ የሚለምኑ ይመስሉታል። ዝናቡ ግን ተራራው ላይ ወርዶ ጨርሷል።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የረጠበ አቧራ፣ የተቀጠቀጠ ቁጥቋጦ። ቀጥሎ ድምፁ፣ ሰው ድንጋይ በበርሜል የሚያንከባልል ዓይነት። ከዚያ ደራሹ ቦያችን ውስጥ ገባ። ቡናማ ነበር፣ ወፍራም፣ ከፊቱ አረፋና ጭራሮ እየገፋ፣ የጠፋ የልጅ ኳስም ተሸክሞ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ፣ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ውሃ አላየሁም። ዶኛ ኦቲሊያ ኮረብታውን ቀና ብለው አዩ። ሁለቱ አሁንም ያወራሉ።

ጎንበስ ብለው ጓጉንቸሩን ከፈቱ። መዝጊያው በደለል ተይዞ እምቢ አለ፤ ኤሊሴዮ ሮጦ መጣ፣ ወገቡን ረስቶ አብሯቸው ጎተተ፤ ተነሣ። ውሃው አንዴ ቆም ብሎ ያሰበ መሰለ። ከዚያ ገባ። በረድፎቹ መሐል እየተንፏቀቀ፣ መሬቱን እያስተነፈሰ፣ ከእያንዳንዱ ተክል እግር ሥር አረፋ እያስነሣ ሄደ። ኤሊሴዮ ማሳው መሐል ጫማው እስኪዋጥ ቆሞ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አጣ።

ሁለቱ ከኮረብታው ሲወርዱ ማሳው ግማሹን ጠጥቶ ነበር።

"ይቅርታ" አለ ሆልት እያለከለከ። "አለቃዬ የዝናብ ውሃ መሆኑ ይጣራ ነው የሚሉት። እስኪጣራ ድረስ አይፈቀድም አይሉም። ይፈቀዳልም አይሉም።"

"እሺ። አንቺስ?"

ዮላንዳ ጫማዋን እያየች ተናገረች። "አለቃዬ እንዳሉት የኤሊሴዮ መብት የተመዘገበው በወንዝ ውሃ ነው። ደራሽ... ደራሽ የወንዝ ውሃ አይደለም።"

ዶኛ ኦቲሊያ ቁልፎቹን በመዳፋቸው አፍነው ያዙ።

"ቆዩ" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ በዝግታ። "የግድቡ ሲሆን የፌዴራል ስለሆነ አይጠጣም። የሰማይ ሲሆን ደግሞ የማንም ስላልሆነ አይጠጣም። እና ይሄ ሰውዬ ምን ያጠጣው? ምራቄን?"

ከዚያ በአካፋቸው ወደ ማፍሰሻው ጠቆሙ።

"ዮላንዳ። ይህ ውሃ በዚያ ማፍሰሻ ብለቀው የት ይገባል?"

"ወንዙ ውስጥ።"

"ወንዙ ውስጥ ከገባ በኋላ ስሙ ማን ነው?"

ዮላንዳ የቁጥጥር ደብተሯን ደረቷ ላይ አቀፈች። ልጅ ሆና አውቶቡሱ ውስጥ እንደዚሁ ትቀመጥ እንደነበር ታየኝ። "እጽፋለሁ" አለች በመጨረሻ። "ማሳው ውሃ አግኝቷል ብዬ እጽፋለሁ። ምን ዓይነት እንደሆነ ከጠየቁኝ ያን ጊዜ እናያለን።"

"እኔም ቦዩ ውስጥ የግድቡ ውሃ አልነበረም ብዬ እጽፋለሁ" አለ ሆልት። "በዓይኔ ያየሁት እሱን ነው።" ጥቂት አሰብ አደረገና "ለሚቀጥለው ሳምንት ግን ምንም ቃል መግባት አልችልም" አለ።

"ማን ቃል ግባ አለህ? የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ደግሞ እንጣላለን።"

ደራሹ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። የማሳው የመጨረሻ ረድፍ ሲረጥብ ዶኛ ኦቲሊያ መዝጊያውን አወረዱ፣ ጓጉንቸሩን መልሰው ቆለፉት፤ አሁን ዋናውን በር ሊከፍቱ ነውና፣ የግድቡ ውሃ ሊመለስ ነውና። ኤሊሴዮ ከአጥሩ ውስጥ "ማድሪና" ሲላቸው እጃቸውን ወዘወዙ፣ ዝንብ እንደሚያባርሩ። ምስጋና እዚህ አይነገርም።

አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳሩን ተያያዙት። የፋኩንዶ ቃሪያ ቀኑን ሙሉ ጠብቋል።

"አብሬዎት ልሂድ?" አልኳቸው።

"አካፋ ካልያዝሽ አትከተዪኝ" አሉ ሳይዞሩ።

ቆሜ ቀረሁ። ጥቂት እንደሄዱ ጎንበስ አሉና ደራሹ የጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት ከቦዩ ውስጥ በአካፋቸው ጎትተው አወጡ፣ ውሃውን አራግፈው ቀበቷቸው ላይ ሰኩት፣ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ አኻያው ጋረዳቸው። ባርኔጣቸው ከጠፋ በኋላም ለብዙ ጊዜ፣ ቅጭል ቅጭል፣ ሁለቱ ቁልፎች እየተጨቃጨቁ ወደ ላይ ሲወጡ እሰማ ነበር።